ከፀጉር የቀጠነ ክር፤ ሐኪም እጁን የሚገራበት ላቦራቶሪ

እ.ኤ.አ. በ2008 ፎርት ዎርዝ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲቀባ የነበረው ወጣት ዳላስ ዊንስ ከፍተኛ ኃይል ካለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተነካክቶ ፊቱን አጣ። የዩቲ ሳውዝዌስተርን ወጣት ሐኪሞች በሚማሩበት በዳላሱ ፓርክላንድ ሆስፒታል ከ20 ጊዜ በላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሕይወቱ ተረፈ። በ2011 ደግሞ ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል በዶ/ር ቦህዳን ፖማሃች የሚመራ ቡድን ከሟች የተለገሰ ሙሉ ፊት ተከለለት። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ዊንስ በ2024 አረፈ። ዓይኑ ባይመለስም የልጁን ስሞሽ ዳግም ለማጣጣም በቅቶ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥራ ከባዱ ቆዳ መስፋት አይደለም፤ ደም እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የተተከለ ሥጋ ደም ካላገኘ ይሞታል። ደም የሚያመጡትና የሚመልሱት ሥሮች ስፋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከፀጉር በቀጠነ የናይለን ክር ይሰፋቸዋል። አንዲት ስፌት የወዲያኛውን ግድግዳ አብራ ከያዘች መንገዱ ይዘጋል፣ ደሙ ይረጋል፣ የሰዓታት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ሐኪሙ ተሳስቶ የሚማረው በሰው ላይ ሳይሆን በላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጀማሪው በጎማ ጓንት ቁራጭ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የዶሮ ጭን ውስጥ ያለውን ሥር ይሰፋል፤ በመጨረሻም በማደንዘዣ የተኛች አይጥን የታፋ ደም ሥር ቆርጦ ይቀጥላል። 1 ሚሊሜትር ለሚሆነው ለዚህ ሥር 8 ያህል ስፌት ይበቃል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ ደሙ ካለፈ ፈተናውን አለፈ፤ ካላለፈ እንደገና ነው። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብለው ከሥራ በፊት ቡና የሚከለክሉ አሠልጣኞችም አሉ፤ ለሐበሻ ቀላል ፈተና አይደለም!

ላቦራቶሪው የምርምርም ቦታ ነው። በ1960 ቬርሞንት ውስጥ ዶ/ር ጁልየስ ጄኮብሰን ጥቃቅን ሥሮችን በማይክሮስኮፕ መስፋት እንደሚቻል አሳዩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶ/ር ሃሪ ባንኪ በቤታቸው ጋራዥ ሲሞክሩ ቆይተው የተቆረጠ የጥንቸል ጆሮ መልሰው ተከሉ። በ1965 ጃፓናውያኑ ኮማትሱና ታማይ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ የሰው አውራ ጣት ቀጠሉ።

አገር ቤትም ይህ ሙያ በብርቱ ይፈለጋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል፤ በ1965 የተቋቋመው አለርት ደግሞ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችን በማቃናት ስም አለው። ኖማ የሚባለው፣ የሕፃናትን ፊት የሚበላ በሽታ ያጠፋውን ለመጠገን የውጭ ሐኪሞች ሲመላለሱ ኖረዋል። እንግዳ ግን መጥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው የሠለጠነ እጅ ነው። ወገን ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ቢልክ መልካም ነው፤ መሣሪያ ግን ብቻውን አይሰፋም። አሠልጣኝና የመለማመጃ ጠረጴዛ አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

እዚህ ዳላስ በሬስቶራንት ወጥ ቤት፣ በፋብሪካና በግንባታ ለሚሠራ ሁሉ አንድ ቁም ነገር፦ ጣት ቢቆረጥ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይዞ 911 መደወል ነው። የተቆረጠውን ጣት በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ማሰር፣ ላስቲኩንም በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ጣቱ ራሱ በረዶም ውሃም አይንካው። ሳይቀዘቅዝ የቆየ ጣት 12 ሰዓት ያህል፣ በዚህ መንገድ የቀዘቀዘ ግን እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቢሆንም መፍጠን ይሻላል፤ ስንት ዓመት የሠለጠነ እጅ እንኳ የሚረዳው ጣቱ በደህና ሲደርስለት ነው።