መዝሀብ ተለያየ ተብሎ ኒካሕ አይፈርስም

በጥብቅና ሥራዬ ከአዳማም ከሞጆም የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ባለቤቴ ሻፊዒይ ነው፣ እኔ ሐነፊይ፤ ኒካሓችን ይፈርሳል?» አይፈርስም! አራቱ መዝሀቦች እርስ በርስ ዕውቅና ይሰጣጣሉ፤ ኢማም ሻፊዒይ ራሳቸው የኢማም ማሊክ ተማሪ ነበሩ።

ልዩነት ግን አለ። በሻፊዒይ ያለ ወሊይ ኒካሕ አይታሰርም፤ በሐነፊይ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ራሷ መዋዋል ትችላለች።

አንዱን መዝሀብ መያዝ ግዴታ ነው ወይ? ዑለማው ይለያያሉ። እኔን የሚያሳስበኝ በየጉዳዩ የሚቀለውን እየመረጡ መሄድ ነው፤ በተለይ ፍቺ ሲመጣ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለሸሪዓ ዳኝነት የሚጠይቀው የተከራካሪዎችን ፈቃድ እንጂ መዝሀባቸውን አይደለም። ታዲያ መጥሪያ አትናቁ፦ በፌዴራሉ አዋጅ 188/1992 መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የሰው ስም ግን አታንሱ።