የሂጅራዎች ቤትና የመንግሥት መዝገብ

ወንድ ልጅ በተወለደበት ወይም አዲስ ሙሽራ በገባበት የሰሜን ህንድ ቤት ደጃፍ፣ ሳሪ የለበሱ፣ ከበሮ የያዙ፣ መዳፋቸውን በሰፊው ዘርግተው የሚያጨበጭቡ እንግዶች ሳይጠሩ ሲደርሱ፣ ባለቤቱ ቢወድም ባይወድም በሩን ይከፍትላቸዋል፤ ምርቃታቸው ለሕፃኑ ዕድሜንና ዘርን ይሰጣል፣ ርግማናቸውም መካንነትን ያመጣል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይታመናልና። እነዚህ ሰዎች ሂጅራ ይባላሉ፤ አብዛኞቹም በወንድነት ተወልደው በሴትነት ጠባይ፣ በሴት ልብስና በሴት ስም የሚኖሩ ናቸው። የመመረቅን ሥልጣን ከወዴት እንዳገኙት ራሳቸው ሲተርኩ፣ ራማ ከአዮድህያ ከተማ በተሰደደ ጊዜ የተከተሉት ወንዶችና ሴቶች ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ቢያዝዝ፣ ከወንድም ከሴትም ያልተቈጠሩት እነርሱ ግን በዚያው ስፍራ 14 ዓመት ሙሉ ቆመው እንደ ጠበቁት፣ እርሱም ሲመለስ በታማኝነታቸው ተደንቆ እንደ ባረካቸው ይናገራሉ። የሰውን ልጅ ሁሉ እየዞሩ የሚመርቁት እነዚህ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከገዛ ወላጆቻቸው ቤት ተደብድበውና ተዋርደው የወጡ መሆናቸውን ሳስብ፣ ልቤ ያዝናል።

ከወላጅ ቤት የተባረረችው ልጅ የምትጠጋው ወደ ጉሩ፣ ማለት ወደ መምህሯ ቤት ነው። በዚያም አዲስ ስም ትቀበላለች፤ ቼላ፣ ማለት ደቀ መዝሙር ትሆናለች፤ ጉሩዋን እንደ እናት፣ የጉሩዋን ጉሩ እንደ አያት፣ አብረዋት የሚማሩትንም እንደ እኅቶች ቈጥራ ትኖራለች። ከተማው በየቤቱ ተከፍሎ የተመደበ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቤት በሌላው ሰፈር ገብቶ የምርቃት ስጦታ ሊለምን አይችልም፤ ሥርዓቱን ያፈረሰችም በሽማግሌዎች ጉባኤ ቀርባ መቀጫ ትከፍላለች። የደቀ መዝሙሯ ገቢ ከፊሉ ለጉሩዋ የሚገባ በመሆኑ ቀንበሩ የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም ስትታመም የሚያስታምማት፣ ስትሞትም የሚቀብራት ይኸው ቤት ነው፤ ጉሩዋ ባረፈች ጊዜም ሀብቷና ሰፈሯ ለደቀ መዛሙርቷ ይተላለፋል።

በእስላም ነገሥታት ዘመን የእልፍኝና የግምጃ ቤት ሹማምንት ሆነው በህንድ ቤተ መንግሥታት ያገለገሉ ጃንደረቦች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ከኢትዮጵያና ከአጎራባቿ በባርነት ተሸጠው ባሕር የተሻገሩ፣ ሀብሺ የሚባሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ለእኛ አንባቢ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሂጅራዎችም በአንዳንድ ግዛት ከነገሥታቱ የመሬትና የምጽዋት መብት ተሰጥቷቸው ነበር። በኋላ ህንድን የገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ግን ሂጅራዎችንም ከጃንደረቦች ቈጥሮ ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከተው። በ1871 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንዳንድ ነገዶችን በሙሉ ወንጀለኛ ብሎ በሰየመው አዋጅ ሁለተኛ ክፍል፣ ሕፃናትን በመስረቅ፣ በመስለብ ወይም በተከለከለ ግብረ ሥጋ የተጠረጠሩ ጃንደረቦች ስማቸው፣ መኖሪያቸውና ንብረታቸው በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ። በመዝገቡ የተጻፈ ሰው የሴት ልብስ ለብሶ በአደባባይ ቢታይ፣ ወይም ቢዘፍንና ቢጨፍር፣ ያለ መያዣ ትእዛዝ ተይዞ እስከ 2 ዓመት ይታሰር ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከፋው ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንቀጽ ነው፤ የተመዘገበው ሰው ለሕፃን ሞግዚት እንዳይሆን፣ ስጦታ እንዳይሰጥ፣ ኑዛዜ እንዳይናዘዝ፣ ልጅም በጉዲፈቻ እንዳይወስድ ከለከለ። ከጉሩ ወደ ደቀ መዝሙር በመተላለፍ የሚኖር ማኅበር ውርሱ ከተቋረጠበት በአንድ ትውልድ ውስጥ እንደሚጠፋ፣ አዋጁን ያዘጋጁት ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ዓላማቸውም ይኸው ነበር። ማኅበሩ ግን አልጠፋም።

ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ የወንጀለኛ ነገዶች አዋጅ ተሻረ፤ የፖሊስ ዱላና የሕዝብ ንቀት ግን ከአዋጁ ጋር አልተሻሩም። በ2000 ሻብናም ማውሲ የተባለችው ሂጅራ ለማድያ ፕራዴሽ ግዛት ምክር ቤት ስትመረጥ ብዙ ሰው ተደነቀ። በ2011 የሕዝብ ቈጠራ ከወንድና ከሴት ሌላ የሆነ ሦስተኛ ረድፍ ስለ ተከፈተ፣ ወደ 488,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚያ ተቈጠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ግን ኤፕሪል 15 ቀን 2014 ነው። በዚያን ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ላክሽሚ ናራያን ትሪፓቲ የተባለችው ተሟጋች ገብታ በተከራከረችበት ጉዳይ፣ ዳኛ ራድሃክሪሽናንና ዳኛ ሲክሪ በሰጡት ፍርድ፣ ሰው ጾታውን ራሱ የመናገር መብት እንዳለው፣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነም በሦስተኛ ጾታነት እንዲታወቅ፣ በትምህርትና በሥራም የተለየ ድርሻ እንዲመደብለት ወሰነ።

ከዚህ ፍርድ በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት በ2019 ያወጣው ሕግ፣ መብት ጠባቂ ተብሎ ቢሰየምም፣ ተሟጋቾቹን በየከተማው አደባባይ ያስወጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለሰውየው አንደበት የተወውን ምስክርነት፣ ሕጉ መልሶ ከአውራጃ አስተዳዳሪ በሚሰጥ ወረቀት ላይ አቆመው። ሴትን በግዳጅ የደፈረ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት በሚታሰርበት አገር፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ የጾታ ጥቃት ያደረሰው ግን ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ብቻ እንዲታሰር ደነገገ። ስለዚህ አንቀጾቹ በጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ ቀረበባቸው። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የምቃወመው የቤተ ሰብን ትርጓሜ ነው፤ ሕጉ ቤተ ሰብ ያላቸው በደም፣ በጋብቻ ወይም በሕጋዊ ጉዲፈቻ የተዛመዱትን ብቻ ነውና፣ ወላጆቿ ሊያኖሯት ያልቻሉትን ልጅ ፍርድ ቤት ወደ ማገገሚያ ማእከል እንዲልካት ሲያዝዝ፣ ለዘመናት የተባረሩትን ተቀብሎ ያሳደገውን የጉሩን ቤት ግን በስሙ እንኳ አልጠራውም።