ጎጀብ ዳር የቆመው ሠራዊት

የአጋሮ ቡና ገበሬ የጥላ ዛፉን በዋዛ አይቆርጥም። ሰሳውና ዋንዛው ከተመነጠሩ ቡናው መጀመሪያ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፤ ኋላ ግን ጉልበቱን ይጨርስና ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ለካስ ራሱን የቻለ የሚመስለው ተክል ከሕይወቱ ከፊሉን ያኖረው ዛፉ ዘንድ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ጎጀብ ወንዝ እንውረድ። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ለጣሊያን እጁን የሰጠው እዚያ ነው። ለምን ተሸነፈ ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ጥይት አለቀ፣ ጠላት ከበበ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም፤ የቀረውን ለማየት አንድ ንድፈ ሐሳብ ይረዳናል።

አሜሪካዊው ጄምስ ግሪየር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሕያው ሥርዓቶች» በተሰኘ መጽሐፉ፣ ከአንዲት ሕዋስ እስከ መንግሥታት ኅብረት ድረስ ያለ ሕያው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራዎች ካልተሠሩለት እንደማይኖር አስረዳ። ሥራዎቹን በኋላ 20 አደረሳቸው። ምግብ ማስገባት፣ ማከፋፈል፣ ማከማቸት በአንድ ወገን፤ ወሬ መቀበል፣ መተርጎም፣ ማስታወስ፣ መወሰን በሌላው። ለጦር ሠራዊት አፉ ስንቅ ተቀባዩ፣ ዓይኑ ቃፊሩ፣ አእምሮው አዛዡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ ንድፈ ሐሳቡ በ41 የአሜሪካ ሻለቃ ጦሮች ላይ ተሞክሯል።

ለእኔ ትልቁ የሚለር ሐሳብ ግን ሌላ ነው። አንድ ሥርዓት የጎደለውን ሥራ ከሌላ ሥርዓት ሊዋስ ይችላል፤ ሊዋሰው የማይችለው ውሳኔን ብቻ ነው። ራሱ የማይወስን ሥርዓት የሌላው አካል ሆነ ማለት ነው።

የራስ እምሩ ጦር ወሳኝ ነበረው። ነቀምት ላይ የተመሠረተው፣ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራውና የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእሳቸው ጋር ነበር። ወጣቶቹ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን በሌሊት አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ገድለዋል። ደንባቸው ገበሬውን መበደል ይከለክላል፤ ምግቡም ወሬውም ከማን እንደሚመጣ አውቀው ነበርና። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ ያለፈባቸው አገሮች ገበሬ በገባርነት ለዓመታት ተመርሮ ነበር። በብዙ ቦታ ፊቱን አዞረ። ስንቅ ነጠፈ፣ ወሬም ነጠፈ። የቡናው ጥላ ቀድሞ ተመንጥሮ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ሸዋ ላይ ነገሩ ተለየ። ራስ አበበ አረጋይ እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የቆዩት በወገናቸው መካከል ሆነው ነበር። ጠላት ከያዘው ከተማ ውስጥ ደግሞ የውስጥ አርበኞች ለዱሩ ዓይንና አፍ ሆኑ። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች ጥይትና መድኃኒት ሲያቀብሉ ተይዘው ወደ ጣሊያን አገር ተግዘዋል።