የማይታይ ቁስልና የይግባኝ መንገዱ

ጦርነት በሰው አካል ላይ የሚተወው ምልክት ሁሉ በዓይን አይታይም። እግሩን ያጣ ወታደር ጉዳቱን አካሉ ራሱ ይመሰክርለታል። በዘመቻ ላይ ታሞ አንጀቱ የተጐዳ ወታደር ግን ለሚያየው ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። የበላው አይስማማውም፥ ሌሊቱን በሕመም ያነጋል፥ ከቤት ርቆ መሥራትም ያዳግተዋል፤ ለዚህ ሁሉ ግን ምስክሩ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው፥ በቤቱ እንዲህ ያለ ዘማች ያለው ቤተ ሰብ መብቱ በመጀመሪያው የእምቢታ ደብዳቤ እንደማያበቃ እንዲያውቅ ነው።

የካርቱም ከተማ ይህን ነገር ታስታውሰናለች። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተነሥተው ካርቱም ከገቡ በኋላ፥ ከአገራቸው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በከተማይቱ አቅራቢያ በሶባ ተሰብስበው የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ የቆላ ጉዞ ላይ እንደ ማናቸውም የቆላ ዘመቻ ከጥይት ሌላ ሁለት ብርቱ ጠላቶች ነበሩ፤ እነርሱም ወባና የደም ተቅማጥ ናቸው። ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰፍር፥ ውሃው ሳይፈላ ሲጠጣ፥ መጸዳጃውም ለውሃው ሲቀርብ፥ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይዛመታል።

ጃፓናዊው ሐኪም ኪዮሺ ሺጋ የደም ተቅማጥን የሚያመጣ ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያውቁት ተቅማጡ ከዳነ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሆድ ቁርጠቱና የአንጀት መታወኩ ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል። የጨጓራ ቁስልም ቢሆን ለረጅም ዘመን በጭንቀትና በምግብ ብቻ ይሳበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራልያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ የሕክምና ዕውቀት ሲለወጥ፥ በአሮጌው ዕውቀት የተሰጠ ውሳኔም እንደገና ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው።

ጭንቁ ያለው «በሽታው ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፥ በሥራው አካባቢ የሚዛመቱ ነዋሪ ወይም ተላላፊ በሽታዎችን ከትርጓሜው ያወጣል። ይህ አዋጅ ወታደሩን አይመለከትም፤ የወታደሩ ጉዳይ በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ይመራል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ችግሩን ያሳየናል። ተቅማጥ ገበሬውንም ነጋዴውንም የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ወታደሩን የያዘው በሰፈሩ ውሃ መሆኑን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ ይህን ሸክም ለማቅለል ሕጉ ግምት ይወስዳል። ቢያንስ 30 ቀን በጠላት እጅ ተማርኮ የቆየ ወታደር ኋላ ጊዜ የማይለቅ የደም ተቅማጥ ወይም የጨጓራ ቁስል ቢገኝበት፥ ሕመሙ ከምርኮው እንደ መጣ ይቈጠርለታል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላገለገሉትም በአንዳንድ የአንጀት መታወክ ረገድ ተመሳሳይ ግምት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ያልተስማማ ሰው ሦስት መንገድ ተከፍቶለታል፤ እነዚህም አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፥ በከፍተኛ መርማሪ ማስመርመር ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማመልከት ናቸው።

በኢትዮጵያ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በጡረታ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ነው። ይግባኝ ባይ ሁሉ አስቀድሞ የእምቢታውን ምክንያት ለይቶ ይወቅ። ምክንያቱ «ሕመሙ አልተረጋገጠም» የሚል ከሆነ የሚያስፈልገው የምርመራ ውጤት ነው። «ከአገልግሎቱ ጋር አልተያያዘም» የሚል ከሆነ የክፍሉ የሕክምና መዝገብና አብረውት የዘመቱ ጓደኞቹ ምስክርነት ይረዱታል። «ጉዳቱ አነስተኛ ነው» ከተባለ ግን ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን፥ ሕመሙ ሰውየውን ከየትኛው ሥራ እንደሚከለክለውና በወር ስንት ቀን እንደሚያስተኛው ይጻፍለት። ለአንዱ ጥያቄ የሌላውን መልስ ይዞ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ እውነት ሆኖ ሳለ ይረታል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መመዝገብም እንዳይዘነጋ፤ የይግባኝ ጊዜ ይቈጠራልና።

ወረቀት ግን ይጠፋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከከተማይቱ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ፤ በ2017 ዓ.ም.ም ኮሌራ ሕዝቡን አስጨነቀ። ሆስፒታል ሲዘጋ የሚጐዳው የዛሬው በሽተኛ ብቻ አይደለም። መዝገቡ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በፊት ታክሞ የነበረው ወታደርም ምስክሩን ያጣል።

ስለዚህ የዘማች ባለቤቶችና ልጆች የሕክምና ካርዱን፥ የመድኃኒት ማዘዣውንና የስንብት ወረቀቱን ከቤት ካርታ ጋር በአንድ ሣጥን እንዲያኖሩ እንመክራለን። ዋናውን በእጅ አስቀርቶ ቅጂውን መስጠት፥ ማመልከቻ ሲገባም የመዝገብ ቍጥሩን ተቀብሎ መያዝ ይገባል። አቤቱታ የሚቀበሉ ሹማምንትም፥ ደኅና መስሎ ከፊታቸው የቆመውን ሰው በመልኩ ሳይፈርዱ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡለት። ባለጉዳዩ የሚጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን በአገልግሎቱ የተገባውን ነው።