እንቦጭ ወዴት ሊዛመት ይችላል?

በሚንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ዙሪያ፣ ብዙ አርሶ አደሮች የዝናብ ውኃን በቤተሰብ ኩሬ አጠራቅመው የሽንኩርት ችግኝ ያፈሉበታል። ይህ የረጋ ውኃ ለቤተሰቡ ታላቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የረጋ ውኃ ለእንቦጭ አረምም እጅግ ይስማማዋል።

መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የሆነው እንቦጭ በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ መታየቱ ተመዝግቧል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለሆነም ውኃውን ከሸፈነ በኋላ ከመድከም ይልቅ የሚዛመትበትን ቦታ አስቀድሞ መገመት ይበጃል።

ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ የሥርጭት ሞዴል ይባላል። ባለሙያዎች በመጀመሪያ አረሙ የተገኘባቸውን ቦታዎች ይመዘግባሉ። ቀጥሎም የየቦታውን ሙቀት፣ የውኃውን እርጋታና ከእርሻ ታጥቦ የሚገባውን የማዳበሪያ ንጥረ ነገር መረጃ ያሰባስባሉ። ኮምፒዩተሩም እነዚህን አዛምዶ፣ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ሌሎች ውኃዎች በካርታ ላይ ያመለክታል። መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሚጭኑት ውኃ ከባሕር ወደ ባሕር የሚጓዙ መጤ ፍጥረታትም የሚጠኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ነገር ግን ካርታው የሚያሳየው አረሙ ሊኖር የሚችልበትን ስፍራ እንጂ ዛሬ ያለበትን አይደለም። አበባው አምሮት ተክሉን ወደ ቤቱ የሚወስድን ሰው፣ በዓሣ መረብ ወይም በውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ተጣብቆ የሚጓዝን ቁራጭ ሞዴሉ አስቀድሞ አያውቅም። ማንም ያልተመለከተው ኩሬም በመዝገቡ ላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ከፍታም ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እያለ በአረሙ ተወርሯልና።

ስለዚህ የሞዴሉ ትክክለኛነት በኩሬው ባለቤት ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው። ቅጠሉ ክብና አንጸባራቂ፣ ግንዱ እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ተንሳፋፊ ተክል ያየ ሰው ቦታውንና ቀኑን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስታውቅ። ተክሉንም ሳያብብ ከነሥሩ ነቅሎ ከውኃ ርቆ ያድርቀው። «አይቼ አጣሁት» የሚል መረጃም እንደ «አገኘሁት» ሁሉ ይጠቅማል፤ የሚቀጥለውን ካርታ ያስተካክላልና። አንድ ተክል በእጅ ይነቀላል፤ ሐይቅ ሙሉ እንቦጭ ግን ምን ያህል ሕዝብና ጉልበት እንደሚጠይቅ ከጣና አይተናል።