የጨነቀው እርጉዝ ያገባል

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ነው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ተብሎም ይነገራል። ትርጉሙ፦ ሌላ መውጫ ያጣ ሰው በደህናው ጊዜ ሊያደርገው ቀርቶ ሊያስበው የማይፈልገውን ነገር ለማድረግ ይገደዳል ማለት ነው።

መነሻ

የአባባሉን ክብደት ለመረዳት የቀድሞውን የጋብቻ ልማድ ማየት ያስፈልጋል። በብዙ የደጋ አካባቢዎች የሙሽራዋ ድንግልና በሠርጉ ሌሊት ይረጋገጥ፣ ሚዜዎችም ምሥራቹን ለወላጆቿ ያደርሱ ነበር። እርጉዝ ሴት ማግባት ይህን ክብር ከመተውም አልፎ የሌላ ሰው ልጅ አሳዳጊ መሆን ነው። ርስት በዘር በሚወርድበት አገር ደግሞ «ልጁ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው በዘመናዊው ሕግም ውስጥ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ባል እንዳታገባ ይከለክል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ገደብ ይዟል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን ገደቡ ይቀራል። ምክንያቱ አባትነት እንዳይምታታ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገመታልና።

አባባሉ የሚያዝነው ለወንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። እሷም ጨንቋት ሊሆን እንደሚችል አይነሳም።

አጠቃቀም

ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው («ምን ላድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል») ይቅርታ መጠየቂያ ነው፤ ስለ ሌላው ሲነገር ግን ወደ ሽሙጥ ያደላል። ከ«ሞት ሽረት» ጋር ይለያያል። «ሽረት» ሻረ (ዳነ) ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ የሞት ሽረት ትግል ያለ ኃይልን ሁሉ አሟጦ መታገል ነው። የጨነቀው ሰው ግን አይታገልም፤ የቀረበለትን ይቀበላል።

ነገሩን በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ላደገ ሰው ለማስረዳት ከእንሰት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እንሰት ለመድረስ እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሲደርስ ተነቅሎ ስለሚፋቅ ያው ተክል ዳግም አይገኝም። ስለዚህ የጉራጌ ገበሬ በየዕድሜው የተለየ እንሰት በጓሮው ያኖራል፤ የዘንድሮው ሲቆረጥ የከርሞው ከኋላ እያደገ ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ የደረሰው ያልቅና ለጋው ይነካል። ከለጋው የሚወጣው ቆጮ ጥቂት ነው። ሥሩን፣ ማለትም አሚቾውን፣ ቀቅሎ መብላት የዛሬን ረሃብ ቶሎ ያስታግሳል፤ ያ ተክል ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ሊሰጥ የነበረው ቆጮ ግን አብሮ ተበልቷል።