በትንሽ ጀልባ ወደ ዝዋይ ደሴቶች ስለ መሄድ

በዓለም ሰሜን ጫፍ ባሕሩ በበረዶ የሚዘጋበት፥ ዛፍ የማይበቅልበት፥ በአንዱ ወራት ፀሐይ የማትጠልቅበት፥ በሌላውም ወራት ፀሐይ የማትወጣበት አገር አለ። የግሪንላንድና የስቫልባርድ ዳርቻ ከዚሁ ወገን ነው። ብርዱ ጥቂት ሲለዝብ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ሃያ ወይም ሠላሳ መንገደኛ ብቻ በምትይዝ ባለ ሸራ መርከብ ተሳፍረው ያንን ዳርቻ በቀስታ እየዞሩ ያያሉ። ሺህ ሰው የሚጭን ታላቅ መርከብ ሳለ ስለ ምን በትንሿ ይሄዳሉ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ።

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. ጆን ፍራንክሊን የተባለ የእንግሊዝ የባሕር አዛዥ ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ የሚያሳልፈውን የሰሜን ምዕራብ መንገድ ለመፈለግ ኤሬቡስና ቴረር በሚባሉ ሁለት ታላላቅ መርከቦች ተነሣ። መርከቦቹ በበረዶ ተያዙ፤ ወደዚያ ከገቡትም 129 ሰዎች አንድ እንኳ በሕይወት አልተመለሰም። ከ58 ዓመት በኋላ በ1903 ሮአልድ አመንድሰን የሚባል የኖርዌይ ሰው ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋራ ዮአ በምትባል አሮጌ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ያንኑ መንገድ ጀመረ። መርከቧ ትንሽና ወደ ውሃው ብዙ የማትጠልቅ ስለ ነበረች ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ እየተሹለከለከች አለፈች። እርሱም በመንገዱ ላይ ሁለት የብርድ ወራት ተቀምጦ ከአገሩ ተወላጆች ከኢኑይት ዘንድ የጠጕር ልብስ አለባበስንና በውሻ የሚሳብ ጋሪ አነዳድን ተማረ። በ1906 መንገዱን ፈጸመ። እንግዲህ የትንሽ መርከብ ጥቅሙ ሁለት ነው፤ አንደኛው ታላቁ ከማይደርስበት ማድረሱ ነው፤ ሁለተኛውም ተሳፋሪውን ለአገሩ ሰው ምክር ታዛዥ ማድረጉ ነው።

ዛሬም በዚያ አገር ለእንግዳ ሕግ ተሠርቶለታል። በስቫልባርድ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከ200 የሚበልጥ መንገደኛ የያዘ መርከብ ወደ ተጠበቁት ስፍራዎች መግባት አይፈቀድለትም። ወደ ነጭ ድብም እንደ ወራቱ ከ300 ወይም ከ500 ሜትር ይልቅ መቅረብ ክልክል ነው። ሕጉ የወጣበት ምክንያት ተመልካች ሲበዛ የሚመለከተው ነገር ራሱ እንዳይጠፋ ነው።

ነገር ግን ይህን ትምህርት ለመማር ወደ በረዶ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው የባቱ ከተማ፥ ይህንኑ ትምህርት የሚሰጥ ሐይቅ በደጃፏ አላት። ሐይቁን ባላገሩ በኦሮምኛ ደምበል ይለዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተኛ ሲሆን፥ ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስፋቱን የሚያይ ሰው ጥልቀቱም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ሆኖም እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 9 ሜትር ያህል ነው፤ በአማካዩም ሦስት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ በዚህ ሐይቅ ላይ የሚገባው ትንሽ ጀልባ ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ከዳር የሚበቅለውን ደንገልና ፊላ አስረው በሚሠሩት ታንኳ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ ዛሬ ደግሞ መንገደኛውን በሞተር ጀልባ ያሻግሩታል።

ጀልባው ከባቱ ዳርቻ ሲነሣ አስቀድሞ በፊላው መካከል ያልፋል። በዚያ ፔሊካን የሚባለው ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ታላቅ ነጭ ወፍ፥ አባ ኮዳና ዓሣ በል ንስርም ይታያሉ፤ ጉማሬም ዓይኑንና ጆሮውን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ ይመለከታል። በሐይቁ ውስጥ ያሉት ደሴቶች ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው፤ እነርሱም ገሊላ፥ ደብረ ሲና፥ ፉንዱሮ፥ ፀደቻና ቱሉ ጉዶ ናቸው። ከሁሉ የሚሰፋው ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ታላቅ ተራራ ማለት ነው። ወደዚያ ለመድረስ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በተራራው ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ፤ በውስጡም ከጥንት የቈዩ የብራና መጻሕፍት ይጠበቃሉ። በዮዲት ዘመን ካህናት ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተው 70 ዓመት ያህል እንደ ቈዩ በአገሩ በአፈ ታሪክ ይነገራል።

በደሴቶቹ ላይ የኖረው የዛይ ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ጠባቡን ተዳፋት በድንጋይ እርከን እየደገፈ ያርሳል፥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በመረብ ያጠምዳል፥ ሸማም ይሠራል። ቋንቋው ከግዕዝና ከአማርኛ ወገን ሲሆን ይልቁንም ለስልጤና ለሐረሪ ቋንቋ ይቀርባል። በየዘመኑ ከጦርነት የሸሸ ሰው በውሃ ተከቦ መጻሕፍቱንና ቋንቋውን በዚያ ጠበቀ። እንግዲህ ውሃው ለዚህ ሕዝብ መንገድም ቅጥርም ሆኖት ኖሯል ማለት ነው።

ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ ለሚያስቡ አባቶችና እናቶች ጥቂት ምክር እንጽፋለን። በመጀመሪያ፥ ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታልና፥ ጥልቀት የሌለው ውሃም በነፋስ ፈጥኖ ይናወጣልና። ሁለተኛ፥ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ለሁሉ መዳረሱ ሳይታወቅ ማንም አይሳፈር፤ ለሕፃን የአዋቂው ሰደርያ ስለሚሾልክ በልኩ የሆነውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፥ ከጀልባው ላይ መነሣትና ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ይቅር፤ ወፍ ሲታይ ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዚያ እንዳይጋፉ ወላጅ አስቀድሞ ይንገራቸው። አራተኛ፥ በዳርቻው ላይ ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥቃቅን ትል ከቀንድ አውጣ እየወጣ በእግር ቆዳ በኩል ስለሚገባ፥ ልጆች በፊላው አጠገብ ባለው ውሃ ውስጥ ገብተው አይጫወቱ። አምስተኛ፥ ወደ ጉማሬ እንጠጋ ብሎ ጀልባ ነጂውን ማስጨነቅ አይገባም፤ እርሱ ርቀቱን ያውቃል፤ ጉማሬም ከጀልባ ይልቅ ኃይለኛ ነው። በደሴቱም ላይ ሲደርሱ ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰውንና መጽሐፍን ፎቶግራፍ ማንሣት የእንግዳ ሥርዓት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም የውሃው ነገር ነው። ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚገቡት ታላላቆቹ ወንዞች መቂና ቀታር ናቸው፤ የሚወጣውም ቡልቡላ ነው። በዚህ ሞቃት አገር ከሐይቁ ብዙ ውሃ በየቀኑ ወደ ሰማይ ይተንናል፤ ጨው ግን አይተንም። ሐይቁ ጣፋጭ ሆኖ የኖረው ቡልቡላ ጨውን እያጠበ ስለሚያወጣለት ነው። ወንዞቹ በመስኖ ካነሱ፥ ከሐይቁም በየአቅጣጫው ያለ ልክ ከተቀዳ፥ ቡልቡላ ይደክማል፤ ቡልቡላ ሲደክም ጨው በውስጥ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በዝቶበት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንትን ይጐዳል። ስለዚህ ጣፋጭ ሐይቅ ለዚህ አገር እናቶች ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንኖር ሰዎች ነገር ያለ ምስክር እንደማይጸና እናውቃለን፤ ለዚህ ነገር ግን ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ቡልቡላ የሚፈስስበት የአቢጃታ ሐይቅ ነው። ከላይ የሚወርድለት ውሃ እያነሰ፥ የራሱም ውሃ ሶዳ ለማውጣት እየተቀዳ ሲሄድ፥ አቢጃታ ከዳርቻው እጅግ ሸሸ፤ ጨዉ በረታ፤ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩት የሚያሳድጉት ፔሊካኖች ቀድሞ ከአቢጃታ ዓሣ ይመገቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለልጆቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ ይበርራሉ። ዝዋይም ደግሞ የራሱ ጠላት አግኝቶታል፤ እርሱም እምቦጭ ነው። ይህ አረም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1965 በቆቃ ውሃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 በጣና ታየ፤ ወደ ዝዋይም ደርሷል። እምቦጭ በተኛበት ስፍራ ጀልባ አያልፍም፥ መረብም አይጣልም።

የሰሜኑም በረዶ ነገር እንደዚሁ ነው። ከ1979 ጀምሮ በሰማይ በሚዞሩ መሣሪያዎች ሲለካ፥ በየዓመቱ ብርዱ በሚለዝብበት ወራት መጨረሻ የሚተርፈው የባሕር በረዶ እያነሰ ሄዷል፤ በመስከረም 2012 የታየው እስከ ዛሬ ከተለካው ሁሉ ያነሰው ነበር። የዚያ አገር መንገደኛ ሳይጠፋ ልየው ብሎ ይቸኩላል። የእኛ ነገር ግን ከዚያ ይለያል፤ የዓለምን ሙቀት አንድ ቤተ ሰብ ሊመልሰው አይችልም፤ የዝዋይን ውሃ ግን የሚቀዳውም፥ የሚቈጥበውም፥ ልክ የሚሠራለትም ይኸው በዙሪያው የሚኖረው ሰው ነው።

ቋንቋውም ከውሃው ጋራ አብሮ ይሳሳል። ከደሴቶቹ ብዙ ሰው ለትምህርትና ለሥራ ወደ ባቱ፥ ወደ መቂና ወደ ሌሎች ከተሞች ወጥቷል፤ በዚያም ልጆቹ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ። ይህ ለልጆቹ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው፥ የአያቶቻቸው ቋንቋ፥ በቤት ካልተነገረ የትም አይነገርም። ስለ ሆነም ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ቤተ ሰብ በተቻለው መጠን የደሴቱን ተወላጅ ጀልባ ነጂና መሪ አድርጎ ይያዝ፤ የሚከፍለው ገንዘብ ወጣቱ በአገሩ ሠርቶ እንዲኖር ይረዳዋል። ልጆችም ስለ እርከኑ፥ ስለ መረቡ፥ ስለ ዓሣው ስም በዛይ ቋንቋ ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በደብተራቸው ይጻፉ። አንድ ሽማግሌ ቋንቋውን የከተማ ልጅ ሲጠይቀው የሰማ የራሱ የልጅ ልጅ፥ ያ ቋንቋ ዋጋ እንዳለው በዚያን ሰዓት ያስተውላልና።

ጉዞው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ ስንቁም ቀላል ነው። የሚበላውን በመሶብ፥ የሚጠጣውን በዕቃ ይዞ፥ ቈሻሻውንም ሳይጥል መልሶ ይዞ መምጣት ይበቃል።